የአስተናጋጇ ደሞዝ ከእኛ ኪስ ነው

አዲስ አበባ ለአስተናጋጅ ጉርሻ የምንሰጠው ደስ ሲለን ነው። መልስ ሲመጣ ዝርዝሩን ትተን እንነሳለን፤ ያልተወውንም ማንም በክፉ አያየውም። የአስተናጋጇ ደሞዝ ትንሽም ብትሆን በወር በወሩ ከቀጣሪዋ ትመጣለች።

ብዙዎቻችን ይህንኑ ልማድ ይዘን አሜሪካ ገባን። እዚህ ግን የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው ከራሱ እንዲከፍል የሚያስገድደው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። ቀሪው ከእንግዳው ኪስ እንዲሞላ የተተወ ነው። ቲፑ ካልበቃ ቀጣሪው ይሙላ ይላል ሕጉ፤ ሥራዋን እንዳታጣ የምትፈራ ልጅ ግን ይህን ደፍራ መጠየቅ ይከብዳታል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ክፍያው ከፍ ብሏል። ወንዙን ተሻግረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲገቡ ግን ያው 2.13 ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የራሳችን ምግብ ቤት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምስት ስድስት ሆነን እንገባለን። ምግቡ ያልቃል፣ ቡናው ይመጣል፣ ጨዋታው ይደራል። ሂሳብ ሲቀርብ «በሞቴ እኔ ልክፈል!» እየተባባልን ደረሰኙን እንነጣጠቃለን። ለወዳጁ ለመክፈል እንዲህ የሚታገለው ሰው ቲፕ የምትለዋ መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ያጥራል። «የአገሬ ልጅ ናት፣ ትረዳኛለች» የሚልም አለ። እሷ ኪራይ አለባት፤ አገር ቤት ገንዘብ የሚጠብቋት ቤተሰቦች ይኖሯታል። በብዙ ቤት ደግሞ ከቲፑ ላይ መጠጥ ለሚቀዳውና ጠረጴዛ ለሚያነሳው ታካፍላለች።

ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚባለው ልማድ ለምግብ ይሠራል። ለቡና ግን አይበቃም ባይ ነኝ። የ5 ዶላር ማኪያቶ 20 በመቶው 1 ዶላር ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለያዝነው ጠረጴዛ 1 ዶላር ምን ይሆናል? በዚያ ጊዜ ሌሎች እንግዶች ይስተናገዱበት ነበር። ስለዚህ የተቀመጣችሁበት ሰዓትም ይታሰብ።

አሠራሩ ትክክል ነው አልልም። ሙሉ ደሞዙን ቀጣሪው ቢከፍል እመርጣለሁ። ሕጉ እስኪለወጥ ግን ቅሬታችንን በአስተናጋጇ ላይ መወጣት ግፍ ነው። ሂሳቡን የከፈለው ወዳጃችሁ ቲፑን ካሳነሰው፣ እባካችሁ ሳታፍሩ ከኪሳችሁ ጨምሩበት።