አንዲት ስንዝር ሸማ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲቀላ

ዛሬ ሽመና ጀመርኩ። የሚያስተምሩኝ ጋሼ 30 ዓመት ሽሮ ሜዳ ሸምነው ወደ አገራቸው የተመለሱ የዶርዜ ሰው ናቸው። ከሽመናው ዕቃ ላይ ያስቀምጡኛል ብዬ ስጓጓ ማግ ሰጡኝ፤ ቀሰም ላይ እንድጠቀልል።

«ይሄንንማ የሰባት ዓመት ልጅ ይሠራዋል» አልኳቸው።

«አዎ፣ እዚያው ጀምር።»

ስድስት ቀሰም ጠቀለልኩ፤ አራቱን መልሰው ፈቱብኝ። የላላ ማግ መወርወሪያው ውስጥ ይተበተባል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

የሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደ ታች ሰደድኩ። አንዱ እግር ሲረግጥ ግማሹ ድር ይነሳል፤ በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ያልፋል፤ ማጉ ይመታል፤ ተራው የሌላው እግር ይሆናል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ስለ እጄ ሳስብ እግሬ ይጠፋኛል፤ ስለ እግሬ ሳስብ መወርወሪያው ይወድቃል። በተረፈ ድር ላይ አንዲት ስንዝር ሠራሁ፤ ጋሼ ቆርጠው ሰጡኝ። ባለቤቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አይታ «ምንም አይወጣላትም» አለች። ለእኔም እንደዚያው ነበረች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጋሼ ደጃፍ ላይ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ድንገት «እኩል ምታው!» ብለው ጮኹ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ በድምፁ ብቻ ነው ያወቁት። ዝቅ ብዬ ሳይ ሸማው አንዱ ቦታ ሰሌን፣ ሌላው ወንፊት ሆኗል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ለሥራ ወደ ጨንጫ ወጣሁ። ከዳገቱ ላይ ቁልቁል አባያ ሐይቅ ወንዞች በሚያወርዱበት ደለል ቀልቶ፣ ጫሞ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ ተዘርግቷል። ስንት ጊዜ ያየሁት ነው። ዛሬ ግን የታየኝ የጥለት ቀለም አደራደር ሆነ። ማታ ለጋሼ ደውዬ ብነግራቸው ሳቁብኝ፦ «ጥለት ላይ እኮ ገና አልደረስክም!»

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ድር ተበጠሰ፤ ቋጥሬ ቀጠልኩ። መቋጠሬ የታወቀኝ መወርወሪያው ሦስቴ ከተመላለሰ በኋላ ነው። በጥቅምት ቢሆን ጋሼን እጣራ ነበር።

ማታ ያችን ስንዝር ከመሳቢያ አወጣኋት። እንከኗን ብቆጥር 17 አገኘሁ።

እሑድ፣ ጥር 5

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንዝሯን ይዤ ጋሼ ዘንድ ጎራ አልኩ። ቁጥሬን ነገርኳቸው። አልነኳትም።

«እኔ ያን ዕለት 23 ቆጥሬባት ነበር» አሉኝ።

ስድስቱ የት የት እንዳሉ ግን አልነገሩኝም።