ከአምቦ እስከ ጉደር፤ የፈቃዳችን የመጨረሻ ቀን

ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚጓዝ ሰው አምቦን የሚያውቃት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነው። አውቶቡሱ ለምሳ ይቆማል፤ መንገደኛው እጁን ይታጠባል፤ የቀረበለትን በልቶ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠጥቶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እኔና ባለቤቴም ከተጋባን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ያወቅናት በዚሁ ዓይነት ነበር። እኔ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ነኝ፤ እርሷ ደግሞ በእርሻ ሙያዋ ባኮ ተመድባለች። በመካከላችን ያለው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘንድሮ ግን በጥቅምት መጨረሻ ያገኘናትን የአራት ቀን ፈቃድ፣ አንዳችን ሌላው ዘንድ በመሄድ በመንገድ ከምንጨርሳት፣ እኩሌታው ላይ ተገናኝተን አገር እንይባት ተባባልን።

እኔ ስመጣ አዲስ ዓለም ላይ ወርጄ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ምክንያቱ የማገዶ እጦት ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ተቆርጦ አልቆ ነበርና። ኋላ ባሕር ዛፍ መጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲያድግ ከተማይቱ ባለችበት ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህን ለባለቤቴ ባጫውታት፣

«ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ቢሮህ ዛሬ አዲስ ዓለም ነበር፤ በ55 ኪሎ ሜትር ትቀርበኝ ነበር» አለችኝ። ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ክስ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛውን ቀን የወሰደው ወንጪ ነው። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ በፈረስ ወርደን፣ በጀልባ ተሻግረን፣ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባትን ደሴት ተሳልመን ተመለስን። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ወንጪ ለብቻዋ አንድ ጽሑፍ የምትፈልግ ስለሆነ አልፋታለሁ፤ የእኔ ነገር ስለ መጨረሻው ቀን ነው።

በዚያ ቀን ጎህ ሲቀድ ወደ ፍል ውሃው መዋኛ ሄድን። ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበርና ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሣል። ዘበኛው ሽማግሌ «አካም ቡልተኒ፣ ልጆቼ» ብለው ተቀበሉን። ውሃው እንደ ከተማው መዋኛ ጥርት ያለ ሰማያዊ አይደለም፤ ማዕድን ስላለበት ደፈርስ ይላል። ባለቤቴ ምንም ሳትል ገባች። እኔ ዋና ስለማልችል ዳር ላይ ተቀምጬ እግሬን ነከርሁ፤ «አባወራ ዳር ዳሩን ነው እንዴ?» ብለው ሽማግሌው ሳቁብኝ።

አምቦን አምቦ ያደረጋት ይኸው ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ነው። የዝናቡ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ወደ ታች ሲሰርግ ማዕድኑን እያሟሟ ይወስዳል፤ ከጥልቅ የሚመጣው የካርቦን ጋዝ ደግሞ ይቀላቀለውና እየተንቦጨቦጨ ይወጣል። በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ውስጥ የትም ምግብ ቤት ገብተህ «አምቦ» ብትል አስተናጋጁ ከተማይቱን ትጠይቃለህ ብሎ አያስብም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስሟ ሀገረ ሕይወት ተብሎ ነበር፤ ስሙ ውብ ቢሆንም ሕዝቡ አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ጠርሙሱም ከሕዝቡ ጋር ወገነ።

ከቁርስ በኋላ ከተማውን በእግር ዞርን። የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻገርን። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ደብተር የያዘው ተማሪ መንገዱን ይሻማል። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆም ብላ ግቢውን ተመለከተች፤ ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ ግን አላነሣሁትም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከዚህ አጠገብ ቦዳ በምትባል መንደር ነው፤ የተማረውም አምቦ ነው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳም የአምቦ ልጅ ነው፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ እዚሁ ተቀብሯል። የሻይ ቤቱ ልጅ ዘፈኑን ከስልኩ ላይ ከፍቶ ነበር፤ ብርጭቆ ሲያነሣ አብሮ ያንጎራጉራል።

በስድስት ሰዓት ገደማ ሻንጣዋን ይዘን በሚኒባስ ወደ ጉደር ሄድን። ከዚያ ወደ ባኮ የምትሳፈርበት መኪና ያልፋልና። የውሃው ፋብሪካ ያለበትን ሰንቀሌን አልፈን፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ስሟን ለወይን ጠጅ ያበደረች ጉደር ደረስን። ክረምቱ ከወጣ ብዙ ስላልቆየ ፏፏቴው ገና ጉልበት አለው፤ ጭጋጉ ዳር የቆመውን ሰው ፊት ያርሳል። እኛም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ይህ ውሃ የት ይሄዳል?» አልኋት።

«ወደ ዓባይ፤ ከዓባይ ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ባሕር። አንተ በግንጪ በኩል ስትመለስ የምታየው ግን ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከግንጪ አካባቢ ካሉት ተራሮች ነው፤ አፋር በረሃ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም።»

«ታዲያ በአምቦና በግንጪ መካከል ውሃው የሚለያይበት ቦታ አለ ማለት ነው።»

«አለ፤ ግን አንተ አታየውም።»

አየዋለሁ አልሁ። አታየውም አለች። በመጨረሻ የተሸነፈ ወደ አምቦ የዝውውር ማመልከቻ ይጻፍ ብለን ተወራረድን። ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን ሁለታችንም ለሁለት ዓመት ስንሸሸው የቆየነው ጥያቄ በዚህ ቀልድ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ አዲስ አበባን ብለቅ የማታው ትምህርቴ ይቋረጣል፤ እርሷ ባኮን ብትለቅ የጀመረችው የበቆሎ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለጓደኞቼ «እየተነጋገርን ነው» እላለሁ እንጂ እውነቱ ይህ ነው፤ ተነጋግረን አናውቅም።

መኪናው መጣ። ሻንጣዋን ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወረወረው። በመስኮት እጇን አወጣች፤ ሹፌሩም ለመሰነባበቻ የሚሆን ጊዜ አልሰጠንም።

በዘጠኝ ሰዓት ከአምቦ ተሳፈርሁ፤ የቀኝ መስኮት ያዝሁ። ከእያንዳንዱ ድልድይ በታች ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ለማየት አንገቴን አወጣሁ። አንደኛው ወደ ኋላችን የሚሄድ መሰለኝ፤ ሁለተኛው ደርቋል፤ ሦስተኛው ላይ የጭነት መኪና ጋረደኝ። ግራ ቀኙ ሊታጨድ የደረሰ ጤፍ ነው፤ መሬቱም መረሬ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ስመልስላቸው ግንጪ ገባን።

ስልኬ ጮኸ። እርሷ ነበረች፤ ገና መንገድ ላይ ናት።

«አየኸው?» አለችኝ።

«አላየሁትም» አልኋት።