ዞር ብሎ ማየት

ውኃ የኖራ ድንጋይን እንደሚያሟሟ ለፈተና ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። የገባኝ ግን ኦስትሪያ ውስጥ ቶተስ ገቢርገ በሚባለው አምባ ላይ ቆሜ ነው። ስሙ «ሙት ተራሮች» ማለት ነው። እውነትም ከላይ ሲያዩት ድርቅ ያለ ነው፤ ዝናቡ በየስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ዋሻ ይቦረቡራል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዋሻ አሳሾች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እዚያ ይመላለሳሉ።

እኔ የሄድኩት ከሌላ ቡድን ጋር፣ ሸክም ላግዝ ነበር። መሪያችን በየመቶ እርምጃው «ዞር በልና እይ» ይለኛል። በስተደቡብ የዳኽሽታይን በረዶ፣ ከኋላችን የሎዘር ተራራ ጫፍ፣ አጠገባችን ለምልክት የተከመረ ድንጋይ። ፎቶ አንሳ ያለኝ መስሎኝ አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ የረሳሁትን ጃኬት ላምጣ ብዬ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ተመለስኩ። የመጣሁበት መንገድ እንዴት ይጠፋኛል? ጠፋኝ። ድንጋዩ ሁሉ አንድ፣ አጫጭሩ ጥድም ሁሉ አንድ። ጉም ወረደ። አንድ ስንጥቅ ልሻገር ስል እግሬ ጠጠር ገፋ፤ ሲንከባለል ሰማሁ፣ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም። ጉልበቴ ከዳኝና ቁጭ አልኩ።

ጉሙ ገለጥ ሲል ካሜራዬን ከፈትኩ። ለካ ወደ ኋላ ዞሬ ያነሳኋቸው ፎቶዎች የመመለሻዬ መንገድ ናቸው! የሎዘርን ጫፍ ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ፣ ከአንዱ የድንጋይ ክምር ወደ ሌላው እያልኩ ወጣሁ።

ለመስክ ሥራ የምትወጡ ጓደኞቼ፣ የሄዳችሁበት መንገድ ስትመለሱበት ሌላ መንገድ ነው። ስትሄዱ ዞር እያላችሁ እዩት።