ልጁ ለምን ዝም አለ?



ሰሞኑን አሜሪካዊቷ ማሪሊን ሮቢንሰን በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ሆም» (ቤት) የተሰኘ ልብ ወለድ አነበብኩ። ታሪኩ በ1956 እ.ኤ.አ. በአዮዋ ግዛት፣ ገለዓድ በተባለች የምናብ ከተማ ውስጥ የሚሆን ነው። ሽማግሌው ቦውተን ጡረታ የወጡ የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ናቸው። ልጃቸው ጃክ ከቤት ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ለእናቱ ቀብር እንኳ አልመጣም። አባት ግን ከልባቸው አላወጡትም። አንድ ቀን ጃክ መጣ።

ሲመጣ ግን ምስጢር ይዞ ነበር። ዴላ የምትባል ጥቁር ሚስት አለችው፤ በአያቱ ስም ሮበርት የተባለ ልጅም ወልደዋል። በዚያን ጊዜ የሚዙሪ ሕግ የነጭና የጥቁርን ጋብቻ ይከለክል ነበር። እንዲህ ያሉ ሕጎች በመላ አገሪቱ የተሻሩት በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ጃክ ቤተሰቡን ወደ አባቱ ከተማ ማምጣት ይችል እንደሆነ ልብ እያለ ነበር።

አንድ ቀን በሞንትጎመሪ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በቴሌቪዥን አዩ። ጃክ ደነገጠ፤ አባቱ ግን ነገሩን አቃለሉት። ልጃቸው ምን እንደተሸከመ አላወቁም። ጃክ ምስጢሩን ለአባቱ ሳይነግር ሄደ። ዴላ ልጇን ይዛ ስትመጣ እሱ የለም፤ የተቀበለቻት እህቱ ግሎሪ ናት።

እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ የእኛን ቤት አየሁበት።

እናቴ የጸሎት ሰው ናት። እህቴ ቤይሩት ከሄደች ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ትጾምላታለች። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ከዓረብ አገር ልጅ ይዛ ስለተመለሰች የጎረቤት ልጅ ተነሣና እናቴ «ይህን ከማየት ሞት ይሻላል» አለች። እኔም ሳቅሁና «እውነት ነው» አልኩ። እህቴ ስልክ ላይ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ መደወል ቀነሰች። ልጅ እንደወለደች ያወቅነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «ለምን አልነገርሽንም?» ስላት፣ «መልሱን አስቀድማችሁ ነግራችሁኝ ነበር» አለችኝ።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ ከሉቃስ 15 ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ሁልጊዜ የማነሣው የአባቱን ሩጫ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ያ ልጅ በአሳማዎቹ መካከል ሳለ ለመመለስ ልብ የሰጠው፣ አባቱ ሞያተኞቹን እንዴት እንደሚይዝ ማስታወሱ ነው። አባቱ ለሌላው ሰው እንጀራ የማይነፍግ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ልጆቻችን ወደ እኛ መመለስ ይችሉ እንደሆነ የሚመዝኑት፣ ስለ ሰው ልጅ ስንናገር ሰምተው ነው። በጸሎት የከፈትነውን በር ቡና ላይ እንዘጋዋለን።

እናቴ ያን ቀን ስልኩን ተቀብላኝ፣ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ። የልጅሽን ድምፅ አሰሚኝ» አለች። እህቴ ገና አልመጣችም። ስልኩ ግን በየሳምንቱ ይጮኻል።

ጌታ ሆይ፣ በአፋችን የዘጋነውን በር በጸጋህ ክፈት። የሩቆቹ ልጆቻችን ሲያስቡን እንጀራ የሚተርፍበትን ቤት ያስታውሱ። አሜን።