በታይ አገር ያገባ እንግዳ የሚቀመጥበት ፈቃድ

ከባንኮክ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዘው ባቡር የጥንቷን የነገሥታት ከተማ አዩታያን አልፎ፥ በደን የተሸፈኑትን ኮረብታዎች ተሻግሮ፥ ኢሳን ወደሚባለው ሰፊ አምባ ይወጣል። ሐዲዱ እስከ አዩታያ በ1897፥ እስከ ናኮን ራቻሲማ ደግሞ በ1900 ዓመት ተዘርግቶ ነበርና ዕድሜው ከኛው ከጅቡቲ ሐዲድ ጋራ ተቀራራቢ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ዛሬ መስመሩ ኮን ኬንንና ኡዶን ታኒን አልፎ በሜኮንግ ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ ኖንግ ካይ ይደርሳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ላኦስ ነው።

ኢሳን የሩዝ አገር ነው። መሬቱ ግን አሸዋማ፥ ዝናሙም የማይታመን ስለሆነ፥ ገበሬው በምርቱ ብቻ ቤተ ሰቡን ከዓመት ዓመት ማድረስ ይቸግረዋል። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም ወደ ባንኮክና ወደ ባሕር ዳር ከተሞች ለሥራ መውረድ የቈየ ልማዳቸው ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በኡዶን ታኒ የአሜሪካ አየር ኀይል ሰፍሮ ነበርና፥ ጦሩ በ1976 አገሩን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ ከወታደሮቹ መካከል ያገሩን ልጅ ያገቡ ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ከአውሮፓ፥ ከአሜሪካና ከአውስትራልያ የሚመጡ ወንዶች የኢሳንን ሴቶች ማግባታቸው አልቀረም። በሩዝ ማሳ መካከል፥ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከቆሙት ከጥንቶቹ ቤቶች አጠገብ አዲስ የግንብ ቤት የታየ እንደሆነ መንደርተኛው «የፋራንግ ቤት ነው» ይላል። ይህ ቃል ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፋራንግ የሚሉት እኛ ፈረንጅ የምንለውን ነው፤ ሁለቱም ቃላት ፍራንክ ከሚባለው ከጥንቱ ሕዝብ ስም ወጥተው፥ በዐረብና በፋርስ ነጋዴዎች አፍ ተሻግረው፥ አንዱ ወደ ኛ አንዱም ወደ እነርሱ የደረሱ ናቸው።

ስለ ሠርጉ ጥቂት እንናገር። በማለዳ መነኮሳት ተጠርተው ይጸልያሉ፥ ምግብም ይቀርብላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሙሽራው ከወገኖቹ ጋራ ከበሮ እያስመታ፥ ስጦታውን በሣህን አስይዞ ወደ ሙሽራይቱ ቤት ይሄዳል፤ ይህም ሰልፍ ካን ማክ ይባላል። በደጁ ሲደርስ የሙሽራይቱ ዘመዶች የወርቅ ወይም የብር ሰንሰለት በመንገዱ ላይ ዘርግተው ያቆሙታል፤ ገንዘብ ሳይሰጥም አያሳልፉትም። በኛም አገር የሙሽራይቱ ወገኖች ደጅ ዘግተው ሚዜዎችን እንደሚያስጨንቁ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሲን ሶት የሚባለው ማጫ በእንግዶች ፊት ተዘርግቶ ይቈጠራል። በኢሳንም ሽማግሌው ዘለግ ያለ ምርቃት ካሰማ በኋላ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ በየተራው በሙሽሮቹ አንጓ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ያስራል፤ ይህም ነፍሳቸው ከአካላቸው እንዳትርቅ ነው ይላሉ። ክሩ ቶሎ አይፈታም፥ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቈያል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ጋብቻው ተፈጸመ ማለቱ አይቀርም፤ መንደሩም እንዲሁ ይላል። ሕጉ ግን ገና ምንም አላየም። ከ1935 ዓመት ጀምሮ ቤተ ሰብን የሚመለከተው የታይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው አንድ የትዳር ጓደኛ ብቻ እንዲኖረው ወስኖ፥ ጋብቻም በመዝገብ ካልተጻፈ በሕግ ዘንድ የማይጸና መሆኑን ደንግጓል። እኛ ሰማኒያ ስንል ምስክርና ፊርማ ያለበትን ውል ማለታችን እንደሆነ፥ እነርሱም ሰማኒያቸው በአምፎ፥ ማለት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ሠርግ የደገሰና ወረዳ ያልሄደ ባል በአገሩ ለመቀመጥ ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ እንደ ላጤ ይቈጠራል።

ወደ ወረዳው ለመሄድም አስቀድሞ እንግዳው በባንኮክ ካለው ከራሱ መንግሥት ኤምባሲ ሚስት የሌለው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ማግኘት አለበት። ወረቀቱ ወደ ታይ ቋንቋ ይተረጐማል፤ ትርጕሙም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንሲል ክፍል ይረጋገጣል። ወረዳው ሁለቱን አስፈርሞ በመዝገብ ከጻፈ በኋላ ለባልም ለሚስትም አንዳንድ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በባንኮክ ካሉት ወረዳዎች ባንግ ራክ የሚባለው ስሙ ከፍቅር ጋራ ስለሚገጥም፥ በየካቲት ወር የፍቅረኞች ቀን በሚባለው ዕለት ተጋቢዎች በብዛት ይጐርፉበታል። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዘመን በቡድሃ አቈጣጠር ነውና የኛ 2017 ዓመተ ምሕረት ባመዛኙ በዚያ 2568 ይሆናል። የራሱ ዘመን ያለው ሕዝብ ሁሉ ይህ ሊያስደንቀው አይገባም፤ ነገር ግን ቀን ለማመሳከር ሲባል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ቪዛ የሚሰጠው በውጭ አገር ያለው የታይ ኤምባሲ ነው፤ ለባለትዳር የሚሰጠውም ቪዛ ሰውየውን ወደ አገሩ አስገብቶ 90 ቀን ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመት ፈቃድ ግን የኤምባሲ ሥራ አይደለም። እርሱን የሚሰጠው በ1979 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የአገሩ ፖሊስ ነው። ፈቃዱም ለ1 ዓመት ብቻ ነውና፥ ባልና ሚስት 20 ዓመት አብረው ቢኖሩ፥ ጋብቻቸው ዛሬም የጸና መሆኑን 20 ጊዜ ማስረዳት ግዴታቸው ነው።

ፖሊሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። የታይ ሴት ያገባ ወንድ በአገሩ ባንክ በስሙ 400,000 ባት ከማመልከቻው በፊት ለ2 ወር ያኖረ መሆኑን፥ ወይም በየወሩ 40,000 ባት የሚያገኝ መሆኑን ማሳየት አለበት። የታይ ወንድ ያገባች የውጭ አገር ሴት ግን ይህ አይጠየቅባትም፤ ሕጉ ሚስትን የሚያስተዳድር ባል ነው ከሚለው ከጥንቱ አስተያየት ገና አልወጣምና። በኢሳን መንደሮች ቤቱን የያዘችው፥ ገበያውንና ብድሩን የምታውቀው፥ ለእናት ለአባቷ የምትጦረው ሴቲቱ መሆንዋን ላየ ሰው ይህ ልዩነት እውነቱን ገልብጦ የጻፈ ይመስለዋል።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚመጣው የኑሮው ማስረጃ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። ባልና ሚስት በቤታቸው ደጅ የቤቱ ቍጥር እንዲታይ አድርገው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ደግሞም በእንግዳ መቀበያው፥ በማእድ ቤቱና በመኝታ ክፍላቸው ይነሣሉ። ከትልቁ መንገድ ጀምሮ እስከ ቤታቸው የሚያደርሰውን መንገድ በእጃቸው ሥለው ያቀርባሉ፤ በሥዕሉም ላይ መቅደሱ፥ ትምህርት ቤቱ፥ የሱቁ ማዕዘን ይታያሉ። አብረው መኖራቸውን የሚያውቅ ጎረቤት ቀርቦ ይመሰክራል። አንዳንድ ጊዜም መርማሪ ፖሊስ ወደ ቤታቸው መጥቶ ያያል። ታቢየን ባን የሚባለው የቤቱ መዝገብ፥ የሚስቲቱ የመታወቂያ ወረቀት፥ የጋብቻው ምስክር ወረቀትና በወረዳው የታደሰው የመዝገቡ ግልባጭ ሁሉም ይቀርባሉ፤ በያንዳንዱ ገጽ ላይም ባለቤቱ ይፈርማል። ሚስቲቱም ራስዋ መገኘት አለባት። ሥራዋን አስፈቅዳ፥ ልጅ ካላት ልጅዋን ለጎረቤት ትታ፥ ወረፋ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሹሙ የሚጠይቀውም በታይ ቋንቋ ስለሆነ መልሱን የምትሰጠው እርስዋ ናት። በየዓመቱ ይህን የምታደርግ ሴት ባልዋ በአገሯ ስለሚቀመጥ ፈቃድ ዋሱም አስተርጓሚውም ራስዋ መሆንዋን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ባልና ሚስት በተጣሉበት ሳምንት የማመልከቻው ቀን የደረሰ እንደሆነ ምን ዓይነት ፎቶግራፍ እንደሚወጣ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ማመልከቻው 1,900 ባት ይከፈልበታል። ገንዘቡ ተከፍሎ ጕዳዩ ገና በምርመራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ይመታና፥ 30 ቀን ያህል ቈይቶ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ የዓመቱን ፈቃድ ይቀበላል። ሕጉ ለእያንዳንዱ እንግዳ ደግሞ በ90 ቀን አንድ ጊዜ የሚቀመጥበትን ቦታ ማስታወቅን አዝዟል። ከዚህም በላይ የቤቱ ባለቤት እንግዳ ሲገባበት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት፤ ቤቱ የሚስት የሆነ እንደሆነ የገዛ ባልዋን የምታስመዘግበው እርስዋ ናት ማለት ነው።

ባል ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ አገሩ የሚሄድ እንደሆነ የመመለሻ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፥ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ይከፈልበታል። ይህን ሳያወጣ ከድንበሩ የወጣ ሰው፥ የዓመቱ ፈቃድ ገና 11 ወር ቢቀረው ስንኳ፥ በወጣበት ሰዓት ይጠፋበታል፤ ሲመለስም ነገሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሞት መርዶ ደርሶት በጥድፊያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሮጥ ሰው ይህን እንዳይረሳ መምከር ይገባል። በባንኮክ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ፈቃዱ ከመነሣት በፊት ሊወጣ ይቻላልና።

ሌላ ከባድ ነገር አለ፥ እርሱም መሬቱ ነው። የውጭ አገር ሰው በታይ አገር መሬት ሊገዛ አይችልም። እስከ 1999 ድረስ የውጭ አገር ሰው ያገባች የታይ ሴት ስንኳ መሬት ለመግዛት እንቅፋት ነበረባት። ዛሬ ልትገዛ ትችላለች፤ ነገር ግን መሬቱ የተገዛበት ገንዘብ የራስዋ ብቻ መሆኑን ከባልዋ ጋራ በመሬት ጽሕፈት ቤት ፈርማ ማረጋገጥ አለባት። ስለዚህ በሩዙ ማሳ መካከል ያየነው የግንብ ቤት በባል ገንዘብ ቢሠራም፥ ከታቹ ያለው መሬት የእርስዋ ነው።

ሚስቲቱ ብትሞት ምን ይሆናል? የዓመቱ ፈቃድ የቆመው በእርስዋ ላይ ነበርና፥ ባል በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ምክንያት ሊያሳድሰው አይችልም። የታይ ዜግነት ያለው ልጅ ያለው እንደሆነ በልጁ ምክንያት ሊያመለክት ይችላል። ዕድሜው 50 የሞላ እንደሆነም በጡረተኛነት ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚጠየቀው የባንክ ገንዘብ 800,000 ባት፥ ማለት እጥፍ ይሆናል። በውርስ የሚደርሰውንም መሬት ቢበዛ በ1 ዓመት ውስጥ እንዲሸጥ ይታዘዛል። በሐዘን ላይ ያለ ሰው፥ ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ፥ ለወረዳውና ለፖሊሱ የምትመልስለት እርስዋ የነበረች፥ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብቻውን ይጋፈጣል።

ይህን ያሰቡ ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ ወደ ወረዳው ሄደው በምስክር ፊት ኑዛዜ ያጽፋሉ፤ ወረዳው ይህን ለመጻፍ በሕግ ሥልጣን አለው። ሌሎችም መሬቱ የሚስት ሆኖ ሳለ ባል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ በቤቱና በመሬቱ እንዲጠቀም በመሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዘግባሉ፤ ይህም በመሬቱ የባለቤትነት ወረቀት ጀርባ ይጻፋል። ነገር ግን ባልና ሚስት በጋብቻ ሳሉ እርስ በርሳቸው ያደረጉት ውል በኋላ ሊፈርስ እንዲቻል ሕጉ ስለፈቀደ፥ አንዳንዱ የመሬት ጽሕፈት ቤት ለባለትዳር ይህን ለመመዝገብ ያመነታል፤ ስለዚህ የሚችል ሰው ወደ አምፎ ከመሄዱ በፊት አስቀድሞ ቢፈጽመው ይሻለዋል። መብቱ በመሬቱ ላይ ነው እንጂ በአገሩ ለመቀመጥ አይደለምና፥ የፖሊሱ ማኅተም ከዚህ ተለይቶ በየዓመቱ ይጠየቃል።