ቸርኬው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጎማው



ግንቦት ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ይበዛል፤ «መኪናዬን ዝቅ አስደርጌዋለሁ፤ ክረምት ሊገባ ነው፤ የትኛውን ጎማ ልግዛ?» ጠያቂው የሚጠብቀው የፋብሪካ ስም ነው። የጃፓን ይሻላል ወይስ የኮሪያ፣ የቻይናው ይሆናል ወይስ አይሆንም እንዲባልለት ይፈልጋል። እኔ ግን ከስሙ በፊት መልሼ የምጠይቀው አለኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስንት ጣት ይገባል? ሞላው ከተቆረጠ በኋላ አላይመንት ተሠርቶለታል? አምስት ሰው ተጭኖ መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የሆነ ቦታ ይነካል?

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ሁለት ነገር ያጣል፤ የሚንቀሳቀስበትን ቦታና ቀጥ ብሎ መቆምን። የጎጃም ክረምት ደግሞ ከጎማ የሚፈልገው በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው። ስለዚህ መኪናውን ዝቅ ያደረገ ሰው ሰፊና ጎኑ አጭር ጎማ ሲጨምርበት ችግሩን ያባብሰዋል። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው፤ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ጥርሱ ጥልቅና የምርት ጊዜው ቅርብ የሆነ ጎማ።

መጀመሪያ ስለ መንገዳችን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጮቄ የሚነሳው ደመና ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ አንዳንዴ በረዶ ይቀላቅላል፤ ሲመሽ ጉም ይተካል። በዚህ አገር ግን «እርጥብ መንገድ» አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው የመጀመሪያው ካፊያ ያረጠበው አስፋልት ነው። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ ውሃ ጠብ ሲልበት ቅባት ይሆናል። ብዙ ሹፌር ሐምሌን ይፈራል፤ ሐምሌ ግን ቢያንስ መንገዱን አጥቦታል። የግንቦት መጨረሻዋ ካፊያ የበለጠ ታንሸራትታለች።

ሁለተኛው ጭቃ ነው። ከየትኖራ እስከ ሉማሜ፣ ከሉማሜ እስከ ማርቆስ ሜዳው ዋልካ የበዛበት ነው። ከገበያ የሚመለስ ጋሪና ከማሳ የሚወጣ የከብት መንጋ ዋልካውን አስፋልቱ ላይ ይዘውት ይወጣሉ። ጥርሱ ጥልቅ ያልሆነ ጎማ በአፍታ በጭቃው ይደፈንና ላጣ ይሆናል።

ሦስተኛው የተኛ ውሃ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈው አስፋልትም አብሮት እየተነሳና እየወረደ ይወላገዳል። የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ ሁለት ቦይ ያወጣበታል። ዝናብ ሲጥል ቦዩ ይሞላል፤ ትንሿ መኪናም መንኮራኩሮቿን እዚያ ውስጥ አድርጋ ትሄዳለች።

በዚህ ላይ የዓባይ በረሃን ጨምሩበት። ጎሐ ጽዮን ላይ ከ2,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወንዙ ዘንድ እስከ 1,000 ሜትር ገደማ የሚወርድ፣ ከዚያ እስከ ደጀን መልሶ የሚወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ሲመረቅ መሻገሪያው ተሻለ። የገደሉ አፈር ግን ይንሸራተታል፤ አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል፣ እርከን ያወጣበታል። ኮፓው ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ያልራቀ መኪና እዚያ ላይ ቀስ ማለት ብቻ አይበቃውም።

አሁን ወደ ዝቅታው። ሞላ ሲቆረጥ መኪናው ዝቅ ብሎ አያበቃም። በብዙ መኪኖች ላይ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫም ይዛባል። ያን ጊዜ ክብደቱ የሚያርፈው በጎማው ሙሉ ስፋት ላይ መሆኑ ቀርቶ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይሆናል። አደጋው ደግሞ የማይታይ መሆኑ ነው። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ጥርሱ ገና ሙሉ ነው፤ ከውስጥ ግን ተልጦ ሽቦው ሊወጣ ተቃርቧል። ማንኛውም ጎማ፣ የፈለገው ፋብሪካ ቢሠራው፣ እንዲህ ከቆመ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ዝቅ ለተደረገ መኪና የመጀመሪያው የጎማ ግዢ አላይመንት ማሠራት ነው። ተስተካክሎ የማይመጣ ከሆነ ሞላው ከልክ በላይ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያን ችግር ጎማ መግዛት አይፈታውም።

አብዛኛው ሰው አገራችን ውስጥ የሚያደርገው ተቃራኒውን መሆኑን አውቃለሁ። ቪትዝና ኮሮላ የገዛ ሰው ስፔሰር አስገብቶ ያስነሳዋል። ኮፓውን ከድንጋይ ያድነዋል፤ ነገር ግን እሱም አላይመንቱን ያዛባል፤ መኪናውም በመታጠፊያ ላይ የበለጠ ያጋድላል። ስለ አላይመንት ያልኩት ለሁለታችሁም ነው።

ውሃው ጎማን እንዴት እንደሚያሸንፈው እንይ። ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ በየሰከንዱ 13 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ መግፋት አለበት። ከባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከግማሽ በላይ ማለት ነው፤ በአንድ ሰከንድ፣ በአንድ ጎማ። ስፋቱን ወደ 225 ስታሳድጉት 15 ሊትር ይሆናል። ውሃው የሚወጣው በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ነው። ቦዩ ሲሞላ ጎማው ውሃው ላይ ይወጣል፤ መሪው ይቀላል፤ ፍሬን ብትይዙም የሚይዘው ነገር የለም።

የናሳ ተመራማሪዎቹ ዋልተር ሆርንና ሮበርት ድሬኸር በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከጎማው ነፋስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ሒሳቡ የተነሳው ከአውሮፕላን ጎማ ነው፤ ለመኪና እንደ ግምት ይያዝ። ቦዩ ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ውሃ ባለበት መንገድ ላይ 32 ፒ.ኤስ.አይ ነፋስ ያለው ጎማ 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። 24 ከሆነ 82 ላይ፣ 18 ከሆነ 71 ላይ ነው። እንግዲህ ነፋስ መለካት ብቻ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያተርፍ አስቡት። ቀን ባሕር ዳር ሙቀት ላይ የተሞላ ጎማ በማግስቱ ንጋት ማርቆስ ብርድ ላይ ሲለካ ጎድሎ ይገኛል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ልኩ ደግሞ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ጎሚስታውን መጠየቅ አያስፈልግም።

ስለ ልክ ካነሳን የጎማውን ጎን ማንበብ እንልመድ። 195/60 አር 15 የሚል ጎማ ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ፣ ማለትም 117 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚገባበት ቸርኬ ባለ 15 ነው። አሁን አንድ ልጅ ለውበት ብሎ ባለ 17 ቸርኬ ከ205/45 ጎማ ጋር ገጠመ እንበል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት እምብዛም አልተለወጠም፤ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም። ጎኑ ግን ከ117 ወደ 92 ሚሊ ሜትር ወረደ። ውሃ በሸፈነው ጉድጓድና በቸርኬው መካከል የነበረው ትራስ በ25 ሚሊ ሜትር ቀነሰ ማለት ነው። ሐምሌ ውስጥ ጉድጓዱ አይታይም። ስስ ጎን ያለው ጎማ ሲገባበት ጎኑ ይቆነጠጥና ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፤ በማግስቱ እብጠት ያወጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። ቸርኬውም ከተጣመመ ባላንስ አይመጣም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለመኪናችሁ ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ልኮች መካከል ትንሹን ቸርኬና ከፍተኛውን ጎን ምረጡ። ባለ 15 ከሆነ በ15 ቆዩ። ጎኑን ወደ 65 ማሳደግ ከተቻለ መኪናው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል፤ ዝቅ በተደረገ መኪና ላይ ግን ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ሰው ጭናችሁ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ መሞከር አለባችሁ። ከነካ ወደ 60 ተመለሱ። ፓራፋንጎ የሚፈቀፍቀው ጎማ ዓባይ ቁልቁለት ላይ እንዲፈነዳ አትፍቀዱለት።

ነጋዴ የበቅሎን ዕድሜ የሚያውቀው አፏን ከፍቶ ጥርሷን አይቶ ነው። ጎማ ላይ ይህ አይሠራም፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ሞልቷል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጎማ ሳይነዳም ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። ዕድሜው የተጻፈው ጎኑ ላይ ነው። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲላችሁ አኃዙን እዩ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ግዙ፣ ማርቆስም ግዙ፣ ሳታነቡ ብር አትቁጠሩ።

ጥርሱንስ? አዲስ የመኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር ሲተካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ ጎማው እዚህ ላይ እንዲጣል ያዛል። ለክረምታችን ግን ይህ ዘግይቷል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩት። ካለቀ በኋላ ጥርሱ በቢላ የተፈለፈለ ያገለገለ ጎማ ቢሰጧችሁ በነፃም አትውሰዱ። የትንሽ መኪና ጎማ ከቦዩ በታች ለመፈልፈል የሚተርፍ ውፍረት የለውም።

በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ትራክሽን የሚል ደረጃ ታትሟል። ኤኤ ከሁሉ የላቀው ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል። የሚለካው እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ነው። ከአጠገቡ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ፤ እሱ የሚናገረው ጎማው ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ገዢ ሁሉ ሁለተኛውን አይቶ ይገዛል፤ ለረጅም ዕድሜ ተብሎ የጠነከረ ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ በእርጥብ ላይ የመጨበጥ አቅሙን ይሰዋል። ለማርቆስ የመጀመሪያውን አስቀድሙ። የጥርሱ ቅርጽ እንደ ቀስት ወደ ፊት የሾለ ጎማ ውሃን ወደ ጎን በደንብ ይገፋል፤ ነገር ግን የመዞሪያ አቅጣጫውን የሚያሳየውን ምልክት ሳያይ ገልብጦ የሚገጥም ጎሚስታ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ።

ብር አልበቃ ብሎ ሁለት ብቻ ከገዛችሁስ? የፊት ጎማ በሚጎትት መኪና፣ ቪትዝም ኮሮላም ላይ፣ ሰው ሁሉ አዲሶቹን ፊት ያስገባል። የጎማ አምራቾች ምክር ግን አዲሶቹ ኋላ ይግቡ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት ነዳጁን ለቅቃችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ፤ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይሽከረከራል፤ ያን ለመመለስ ጊዜ አይኖራችሁም።

ነገሩ የጥቂት ወጣቶች ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚቀመጥ ዝቅታውም ክብደቱም ከፋብሪካው የመጣ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን እነዚህ መኪኖች ዓባይን ተሻግረው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ወደ ጎጃም ይመጣሉ። ጎማቸውን ስትቀይሩ የመሸከም አቅሙን አኃዝ ዝቅ አታድርጉ። 88 የሚለው አንድ ጎማ 560 ኪሎ ይችላል፤ ለኮሮላ የሚበቃው ጎማ ከሁለት ቶን በላይ ለሚመዝን መኪና አይበቃም።

ዝቅ ያለ መኪና መውደድ ነውር አይደለም። መኪናው ያምራል፤ ሰው በላቡ የገዛውን ንብረት ማሳመሩም የራሱ ጉዳይ ነው። የማይገባኝ የወጪው ቅደም ተከተል ነው። ለቸርኬ፣ ለቀለምና ለድምፅ የሚወጣው ብር ሳያንገበግብ፣ ጎማ ላይ ሲደርስ «ያገለገለ የለህም?» ይባላል። አስፋልቱን የሚነካው ግን ቸርኬው አይደለም። ቤተሰብ ጭኖ ጉም ውስጥ የሚወርድ ሰው የያዘው አራት ጎማውን ብቻ ነው።

ሰኔ ሳይገባ አንድ ነገር አድርጉ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፉና የፊት ጎማችሁን ውስጠኛ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ። እዚያ ጥርስ ካጣችሁ ለቸርኬ ያስቀመጣችሁትን ብር ይዛችሁ ነገ ጠዋት ጎማ ቤት ሂዱ።