የእንግሊዝኛን ቃል በጆሮ መቍጠር

አንባቢ ሆይ! «ልብስ» የሚለውን ቃል እስቲ ጮኽ ብለህ በለው። በጽሕፈት 3 ፊደል ነው፤ ከአፍ ሲወጣ ግን አንድ ነው። «ወንድም» ደግሞ በጽሕፈት 4 ፊደል ሲሆን በአፍ ሁለት ነው፤ ይኸውም «ወን» እና «ድም» ነው። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን ድምፅ የግጥም ዐዋቂዎቻችን ቀለም ይሉታል፤ እንግሊዞች ሲለብል የሚሉትም ይኸንኑ ነው። የወል ቤት ግጥም የሚገጥም ሰው በስንኙ ግራና ቀኝ 6፣ 6 ቀለም ሲያኖር የሚቈጥረው በጆሮው ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ እያለን እንግሊዝኛ ስንናገር የምንተወው ለምን እንደ ሆነ ዘወትር ይገርመኛል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ደብዳቤም አሳምሮ የሚጽፍ አንድ ወጣት ጸሐፊ በስልክ ሲናገር ሁለት ሦስት ጊዜ «ምን አልክ?» ቢባል፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቍጥር ለጓደኛው ሲያሳልፍ አይቻለሁ። ዕውቀት አልጐደለውም፤ ቃሉን ከልኩ በላይ ያስረዝመው ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። በቋንቋችን ብዙ ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ተደርድረው ቃል አይጀምሩም። ስለዚህ «ስትሪት» ስንል በየመካከሉ «እ» እያስገባን እንግሊዙ በ1 ቀለም የሚጨርሰውን 3 እናደርገዋለን። «ስኩል»ንም «እስኩል» ብለን ከ1 ወደ 2 እናሳድገዋለን።

የሆሄው ብዛትም እንዳያታልልህ። ብርታት ማለት የሆነው «ስትሬንግስ» በላቲን ፊደል 9 ሆሄ ተጽፎ 1 ቀለም ነው፤ በ4 ሆሄ የሚጻፈው «ኤሪያ» ግን 3 ነው። በ«ኔም» መጨረሻ የሚጻፈው «ኢ» አይሰማምና ቃሉ 1 ቀለም ነው። «ቴብል» ግን 2 ነው፤ መጨረሻው ላይ «ል» እንደ አናባቢ ራሱን ችሎ ይቆማል። ስለዚህ የምትቈጥረው የአናባቢውን ድምፅ ይሁን።

ኀላፊ ጊዜን ለማመልከት «ኢ» እና «ዲ» ሲጨመሩ፣ ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ካበቃ አንድ ቀለም ይጨምራል፤ «ዎንትድ» 2 ነው። አለዚያ አይጨምርም፤ «ወርክት» እና «ስቶፕት» በ1 ይቀራሉ።

ይህ ቈጠራ ለሰዋስውም ይጠቅማል። 1 ቀለም ያለው «ቶል» ሲነጻጸር «ቶለር» ይሆናል፤ 3 ቀለም ያለው «ቢውቲፉል» ግን ከፊቱ «ሞር» ይሻል። አነጋገርም በዚሁ ይቃናል፤ «ፎቶግራፍ» ሲባል ድምፁ የሚበረታው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነው፤ «ፎቶግራፈር» ሲባል ወደ 2ኛው ይሻገራል። ቀለሙን ያልለየ ሰው የቱን እንደሚያበረታ አያውቅም።

ለመልመድ ብትፈልግ እጅህን ከአገጭህ ሥር አድርገህ ቃሉን በዝግታ በለው፤ ብዙ ጊዜ አገጭህ ዝቅ ባለ ቍጥር አንድ ቀለም አለ። ከዚያም ከመዝገበ ቃላት ጋር አስተያየው። በቀን 10 ቃል ይበቃሃል።

በእንግሊዝኛህ ውስጥ ያገርህ ቅላፄ ቢሰማ ነውር የለበትም። የሚያሳዝነው መልካም ሐሳብ ያለው ሰው «ምን አልክ?» እንዳይባል ፈርቶ በስብሰባ መካከል ዝም ብሎ መቀመጡ ነው።